እትዬ ብሩሽና አርባ አንዱ ቆጣሪዎች

እትዬ ብሩሽ በውሃ መሥሪያ ቤታችን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ባለፈው ሳምንት ጡረታ ወጡ። ዘጠኙን ዓመት በጽዳት፣ አሥራ ሰባቱን በቆጣሪ አንባቢነት ነው የሠሩት። ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም የማውቀው። መዝገብ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ የግል ማህደራቸው እኔ ዘንድ ነው። የጡረተኛ ማህደር ከመዘጋቱ በፊት ገጹ ይቆጠራል። ስቆጥረው ለሃያ ስድስት ዓመት ሰው በጣም ቀጭን ሆነብኝ። ከገጾቹም አንዱ እውነት አይደለም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ገጽ ስል ነው።

ስማቸው ሌላ ነው፤ ብሩሽ ያሏቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። የውሃ ቆጣሪ የሚቀመጠው አጥር ጥግ፣ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ጭቃ አለ፣ የሸረሪት ድር አለ፣ አንዳንዴ እንቁራሪት ቁጭ ብላ ታያለች። ሌሎቹ አንባቢዎች መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው፣ ያልታየውን የመጨረሻ አሃዝ በግምት ሞልተው ይነሣሉ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያወጣሉ፤ ይንበረከካሉ፤ መስታወቱን እስኪያበራ ይፈትጉታል። ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ይጠሩና ይጽፋሉ። የጻፉትን ደግሞ ከደብተሩ ላይ እንደገና ጮክ ብለው አንብበው ከቆጣሪው ጋር ያመሳክራሉ። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ አንድ ቀን ጠይቄያቸው፣ «ፊቱን ያልታጠበ ቁጥር አላምንም» አሉኝ።

ውሻ አይፈሩም ማለት አልችልም፤ ይፈራሉ። ግን ውሻ አለ ብለው ያለፉት ቤት የለም። አንድ ዘበኛ «ግቡ፣ ግቡ፣ አይናከስም» ቢላቸው፣ «አንተስ ይህን ታውቃለህ፤ እሱ ያውቃል ወይ?» ማለታቸውን ቢሮው በሙሉ ያወራዋል።

በጽዳት ሠራተኝነታቸው ዘመን ማታ ማታ ተምረው ስምንተኛ ክፍል ጨረሱ። የቆጣሪ አንባቢ ፈተና ሲወጣ ለመመዝገብ ሄዱ። የሰው ኃይል ሠራተኛው ሳቀና «ታዲያ መጥረጊያው ለማን ይቀራል?» አላቸው። «ለሚስቅ ሰው» አሉት። ከሃያ ሦስት ተፈታኝ ሁለተኛ ወጡ፤ የፈተና ወረቀቱ በማህደራቸው አራተኛው ገጽ ነው። ሁለት ሴት ልጆችን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ አናጢ። «አንዷ ሰው ትጠግናለች፣ አንዷ በር» ይላሉ፤ የትኛዋ እንደምትበልጥባቸው ግን ተናግረው አያውቁም።

እኔን «ፕሮፌሰር» ነው የሚሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የመጣሁት መዝገብ አያያዝ መሆኑን ሲሰሙ፣ «ወረቀት መደርደር አራት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ከልባቸው ተገርመው ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው ባለፈው ዓመት ነው። ከከተማው ዳር አንድ ዳገታማ መንገድ አለ። ባንድ በኩል የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው በኩል አርባ አንድ ቤቶች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። በሮቹ ላይ የቤት ቁጥር የለም፤ የነበረው ቀለም ሲቀባ ጠፍቷል። መሥሪያ ቤታችን በዚያ መንገድ ያሉትን ቆጣሪዎች በሙሉ በአዲስ ቀየረና የደንበኞቹን መዝገብ ከካርድ ወደ ኮምፒውተር እንዳዛውር ታዘዝኩ። የባለቤቶቹ ስም በአሮጌዎቹ ካርዶች ላይ አለ፤ የአዲሶቹን ቆጣሪዎች መለያ ቁጥር ደግሞ እትዬ ብሩሽ ቤት ለቤት ሄደው በደብተራቸው ጽፈውልኛል። የእኔ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነበር፤ ለመጀመሪያው ካርድ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ለሁለተኛው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያልኩ እስከ አርባ አንድ። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ታናሽ እህቴን በቀበርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሴቶች ቅሬታ መስኮቱ ፊት ተገናኙ። ሁለቱም ከዚያ መንገድ ናቸው። አንደኛዋ አልጋ ላይ የዋሉ ጡረተኛ መምህር ልጅ ናት።

«ትናንት መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ቆጣሪያችን የለም» አለች። «ነቅለው ቧንቧውን ደፍነውታል። አባቴ የብረት ድምፅ ሰምተው ‹ማነው?› ብለው ተጣርተዋል። መነሣት አይችሉም እኮ!»

ሁለተኛዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጎረቤታቸው ቤቱን ለቆ ሲሄድ መስመሩ እንዲዘጋ አመልክቶ ነበር፤ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ባዶው ቤት ውስጥ የተሰበረ ቧንቧ እየፈሰሰ በአጥር ሥር አልፎ ሳሎናቸው ገብቷል። «ምንጣፌ እየዋኘ ነው!» አሉ።

የመስኮቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየች። «እማማ፣ የጎረቤትዎ መስመር ትናንት ተዘግቷል። ቆጣሪውም ተነቅሏል ይላል።»

«ታዲያ ይሄ የሚፈሰው ምንድነው? የቤቱ እንባ ነው?»

«የእናንተ ደግሞ» አለች ወደ መምህሩ ልጅ ዞራ፣ «ክፍት ነው። ውሃ አላችሁ ይላል።»

«ይላል? በይ እንግዲያው ኮምፒውተርሽን ልውሰደውና አባቴን ይጠብልኝ!»

ከሰልፉ መሀል አንድ ሰው «ሁለታችሁ ቤት ብትቀያየሩ አይሻልም?» አለ። ከእሱ በቀር የሳቀ የለም።

ኃላፊያችን ቴክኒሻኑን አስጠራው። ቴክኒሻኑ የሥራ ትዕዛዙን እያወዛወዘ ገባ። «በሮቹ ላይ ቁጥር የለም። እኔ የማውቀው እዚህ ላይ የተጻፈውን የቆጣሪ ቁጥር ነው። ፈልጌ አገኘሁት፣ ነቀልኩት። ይኸው ቆጣሪው፤ አንድ አሃዝ እንኳ አልሳትኩም።» እውነቱን ነበር።

«ታዲያ ይህን ቁጥር ማን ሰጠን?» አለ ኃላፊው። ራሱ መለሰው። «አንባቢዋ። ጉድጓድ ለጉድጓድ መንበርከክ ሰልችቷቸው አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሞልተውታል።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ቦታው ላይ ከተሾመ ስድስት ወሩ ነው፤ ከምሳ በፊት መልስ ፈልጎ ነው። እኔ «መዝገቡን ላጣራ» አልኩ። «አንተ ያስገባኸው እሳቸው የጻፉትን አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው። ስለዚህ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። የራሴን ሥራ ለመጠራጠር አልቃጣኝም።

ደብዳቤው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተጻፈ። «በግዴለሽነት የተሳሳተ ቁጥር በመመዝገብዎ» ይላል። ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታግደዋል፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ይሰናበታሉ። ለጡረታ አንድ ዓመት ነበር የቀራቸው። መርማሪ ቡድን መንገዱን እስኪያይ ድረስም በዚያ ሰፈር ቆጣሪ መትከልም ሆነ መንቀል ተከለከለ። ቡድኑ የሚሄደው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እትዬ ብሩሽ ደብዳቤውን እኔ ጠረጴዛ ላይ ፈርመው ተቀበሉ። ቆጣሪ እንደሚያነቡት ሁለት ጊዜ አነበቡት። «‹ተሳስተዋል› ቢለኝ ዝም እል ነበር» አሉ። «ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። ‹በግዴለሽነት› የምትለዋን ግን አልወስድም።» አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከብሩሹ ጎን አስገቡት።

ከዚያ ቤታቸው ገብተው የሚያኮርፉ መስሎኝ ነበር። የት እንደዋሉ የሰማሁት ከመምህሩ ልጅ ነው። በማግስቱ ጠዋት በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሁለት ጀሪካን ውሃ ከጎረቤት ቀድተው በሯን አንኳኩ። ሐሙስም መጡ፣ ዓርብም መጡ። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ ነርሷ ልጃቸው ነግራቸዋለች። ልጅቷ «እርስዎ እኮ የታገዱት በእኛ ምክንያት ነው» ብትላቸው፣ «የታገድኩት ከማንበብ ነው፤ ከመሸከም የከለከለኝ ደብዳቤ የለም» አሏት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት መጡ።

«ፕሮፌሰር፣ የዚያን መንገድ ዝርዝር አትመህ ስጠኝ።»

«እትዬ፣ ዝርዝሩ ከመዝገብ ቤት ለብቻው አይወጣም። ደንብ ነው።»

«እሺ። አንተስ ትወጣለህ?»

ቅዳሜ ማለዳ ዝርዝሩን ይዤ መንገዱ አናት ላይ ጠበቅኳቸው። አሥራ አራት ዓመት የሰፈሩን ካርድ ስደረድር ኖሬ መንገዱን በእግሬ ስረግጠው የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ብሩሽ ግንቡን እየተደገፉ ቁልቁል ጀመሩ። «ዳገት አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ቁልቁለት ነው ጠላቴ» አሉ ጉልበታቸውን እየያዙ።

በመጀመሪያው ቤት ተንበረከኩ፣ ፈተጉ፣ ቁጥሩን ጠሩ። እኔ ዝርዝሩን አየሁ፤ አይገናኝም። እሳቸው የጠሩትን በትንሽ ወረቀት ጻፉ። በሁለተኛውም አይገናኝም። በሦስተኛውም። ስድስተኛው ያ ባዶው ቤት ነው፤ ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ መንገዱን ያቋርጣል። ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ከቦርሳቸው መፍቻ አወጡ። «ከአናጢዋ ልጄ ሳጥን ነው» አሉ። ያለ ትዕዛዝ መስመር መዝጋት ክልክል ነው። እኔ ዞር ብዬ ግንቡን ማየት ጀመርኩ። መፍቻው ሁለቴ ጮኸና የውሃው ድምፅ ቆመ። ከጎረቤት አጥር በላይ «እሰይ!» የሚል ሰማን።

አሥራ ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ መሳቅ ጀመሩ።

«ምን ያስቅዎታል?» አልኩ። ለእኔ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም።

«አንድም ልክ የለም እኮ! እንዳሉት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ብሞላው ኖሮ እንኳ አንዱን በዕድል አገኘው ነበር። ሰነፍ እንዲህ አድርጎ አይስትም፣ ፕሮፌሰር። ይሄ የጠንቃቃ ሰው ስህተት ነው።»

ሃያ ቤት አለፍን፤ ሃያውም አይገናኝም። ሃያ አንደኛው የልብስ ሰፊው ቤት ነው። እትዬ ብሩሽ ቁጥሩን ጠሩ፤ እኔ ዝርዝሩን አየሁና ይድገሙልኝ አልኩ። ደገሙት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሃዝ ይገናኛል።

«እኔ ጋ ምንም ችግር የለም» አለ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ።

«እሱ ነው ችግሩ» አሉት። «በርጩማ ስጠኝ።»

ተቀመጡ። ዝርዝሩን ከእጄ ወሰዱት፤ በዚያች ሰዓት ደንቡ ትዝ አላለኝም። ከላይ ወደ ታች በጣታቸው እየነኩ ሃያ ቆጠሩ። ከታች ወደ ላይ ሃያ ቆጠሩ። በሁለቱ መሀል ልብስ ሰፊው ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወረቀቱን በልብስ ሰፊው ስም ላይ ለሁለት አጠፉት። የሃያኛው ቤት መስመር በሃያ ሁለተኛው ላይ አረፈ፤ የመጀመሪያው በመጨረሻው ላይ። ልብስ ሰፊው «እንደ ሸሚዝ አጠፉት እኮ» አለ። በሃያኛው ቤት ያገኘነውን ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ስፈልገው ሃያ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። የስድስተኛውን ስፈልገው ሠላሳ ስድስተኛው ላይ። ሠላሳ ስድስተኛው ቤት የመምህሩ ነው። መንገዱ በሙሉ ተገልብጦ ነው የተመዘገበው።

እትዬ ብሩሽ ወረቀቱን መልሰው ዘረጉት። ቀስ ብለው «ደብተሬ አሁንም አንተ ጋ ነው?» አሉ።

«ነው።»

«የመጀመሪያውን ገጽ አናት አንብበኸዋል?»

አዲስ ለሚቀጠሩ ሠራተኞች መዝገብ አያያዝ የማስተምረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ከጽሑፉ በፊት ዳርና አናቱ ይነበባል የሚል ነው። «አላነበብኩትም» አልኳቸው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምንሠራ በታክሲ ወደ ቢሮ ተመለስን። ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረድኩ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በእርሳስ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ «ጉልበቴን ስላመመኝ ዘንድሮ ከታች ወደ ላይ ነው የሄድኩት» ይላል። ካርዶቹ የተደረደሩት ከላይ ወደ ታች ነው። ከላይ ያለውን ቤት ከታች ካለው ቆጣሪ ጋር ያጋባሁት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊው የተረፈው መሀል ላይ ስለሆነ ብቻ ነው።

«መቼ ነው ያስገባኸው?» አሉ።

ቀኑን ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። በዚያ ወር ለእህቴ ለቅሶ ቤቴ መጥተው፣ ሰው ሳያያቸው ወጥ ቤት ገብተው ሲኒና ብርጭቆ ሲያጥቡ ነበር የሚውሉት።

«ሁለተኛው ሳምንት ነው እኮ። ማን ቢሮ ግባ አለህ?»

«ቤቱ ባዶ ነበር፣ እትዬ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ብዙ ጠረጉት። ከዚያ፣ «ስማ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኮምፒውተሩ ነው እንበል። እሱ አይከፋው፣ አይታገድ።»

«እትዬ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አንተ ለመዋሸት እንኳ ሦስት ቅጂ ታዘጋጃለህ።»

ሦስት ቅጂ አዘጋጀሁ። ማን እንዳስገባው፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛውን መስመር ሳያነብ እንዳለፈ ጽፌ ፈረምኩና ይዘን ኃላፊው ቢሮ ገባን። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህ በአንተ ማህደር ነው የሚገባው፤ ታውቃለህ አይደል?»

«ይግባ። የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አይጠፋም።»

ኃላፊው ወደ እትዬ ብሩሽ ዞረ። ለመነሣት ሞክሮ ግማሽ ላይ ቆመ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤው ተነሥቷል። አንተ፣ ከማህደራቸው አውጥተህ ቅደደው።»

«አልቀድም» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። ማህደር ውስጥ የገባ ገጽ እንደማይወጣ አስረዳሁ፤ ዛሬ የተሳሳተው ከወጣ ነገ ትክክለኛውም ይወጣል። ማስተካከያው ከላዩ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ የሚነበበውም እሱ ይሆናል። እትዬ ብሩሽ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጉድ እኮ ነው! ነጻ አውጥቶኝ እንኳ አይቀድልኝም!» ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርገው፣ «እሺ ይቀመጥ። ግን ከላዩ የምታስቀምጠውን አሳምረህ ጻፈው» አሉኝ።

ኃላፊው የመምህሩ ቆጣሪ ወዲያው እንዲተከል ፈረመ፤ ቴክኒሻኑ ቆጣሪውን ይዞ ቀድሞን ሄደ። እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እትዬ ብሩሽ ግን ከፎቁ ደረጃ ሥር ቆመው ይጠብቁኛል።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ከልብስ ሰፊው በታች ያሉትን ሃያ ቤቶች አየናቸው እንዴ? በወረቀት ማጠፍ አምናለሁ ብለህ ነው? በል ና፣ አሁን አርባ አንዱንም እንደገና በእኔ መንገድ ነው የምናየው።»

በታች በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ሄደን ከመንገዱ ግርጌ ወረድን። ከመጀመሪያው ቤት በፊት አስቆሙኝ። «መጀመሪያ አናቱ ላይ ጻፍ። በእስክሪብቶ።» ከታች ወደ ላይ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና መለሱልኝ፤ ተንበረከኩም።

ከታች ሲቆጠር ስድስተኛው የመምህሩ ቤት ነው። ስንደርስ ቴክኒሻኑ መፍቻውን እየጠረገ ነበር። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ቧንቧው መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ቡናማ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እትዬ ብሩሽ ቆጣሪው ገና አዲስ ሆኖ እያለ ብሩሻቸውን አወጡ።

ከውስጥ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት፣ «ማነው?» የሚል የደከመ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ፣ መምህር! ብሩሽ ነኝ!»

«ጀሪካን ይዘሽ ነው?»

«ዛሬስ ደብተር ነው የያዝነው!»

«እንግዲያው ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ እኔም ልስማ።»

እትዬ ብሩሽ መስታወቱን ፈትገው ሲያበቁ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠሩት። መምህሩ ከአልጋቸው ላይ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ እያንዳንዱን አሃዝ ተከትለው ይደግሙ ነበር። እኔ ጻፍኩ። እትዬ ብሩሽ ከወረቀቴ ላይ መልሰው አነበቡት፤ መምህሩም እንደገና ደገሙት፤ ተገናኘ።

«ልክ ነው» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

እትዬ ብሩሽ ግንቡን ተደግፈው ተነሡ፣ ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉና ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ። ሠላሳ አምስት ቤት ቀርቶናል።